መግቢያ አራት፣ መውጫ አሥር

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር አበሻ በሰመር ለዘመድ አዝማዱ የሚበቃ የሐይቅ ዳር ቤት ልከራይ ካለ፣ የቤቶቹን ፎቶ ከማየቱ በፊት ባሕረ ሐሳብ መግለጥ አለበት። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ በፈረንጅ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ከች ትላለች። አከራዮቹ ደግሞ በዚያ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ ቤት አይሰጡም። ይህ ሁሉ ሲቀናነስ ለእኛ ቤተሰብ በዓመት የሚተርፈው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው፤ ከእሱም ላይ ረቡዕና ዓርብ ይቀነሳል። የወንድሜ ልጅ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ጁላይ 4 ይሁን፣ ርችት አለ» ብሎ ጻፈ። እቴቴ «ጾም አለ» ብለው በድምፅ መለሱለት። በዚሁ ተዘጋ።

ቀጥሎ የቦታው ነገር መጣ። ታላቅ ወንድሜ የመረጠው ዲፕ ክሪክ ሐይቅን ነበር፤ በምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች መሐል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሦስት ሰዓት መንገድ። ሜሪላንድ የተፈጥሮ ሐይቅ የላትም። ይኼም እ.ኤ.አ. በ1925 ለኤሌክትሪክ ተብሎ ወንዙ ሲገደብ የተፈጠረ ነው፤ ስፋቱ 16 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ። ወንድሜ ይህን ሁሉ ለማሳመኛ ብሎ ጻፈው። እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያደጉት ባሕር ዳር ነው። «ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጣና ደጁ ላይ የነበረ ሰው፣ የመብራት ኃይል ግድብ ለማየት ሦስት ሰዓት ይነዳል?» አሉ። ቢሆንም ባረኩልን።

መጀመሪያ ያየነው ቤት «12 ሰው ያስተኛል» ይላል። እኛ ስንቆጠር ከዚያ እናልፋለን። ምራቴ «ልጅም ይቆጠራል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ይቆጠራል፤ ጡት የሚጠባም ሳይቀር። ስለዚህ ትልቅ ቤት ተፈለገና ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ዋናው ጣጣ ጀመረ፤ ፎቅ ላይ ያለው፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው፣ የራሱ ሰፊ መታጠቢያ ያለው መኝታ ቤት ለማን ይሁን? ሁሉም በአንድ አፍ «እቴቴ ይውሰዱት» አለ። እቴቴ ግን «ደረጃውን ጉልበቴ ይወጣዋል? እኔ ከማድ ቤቱ አጠገብ ያለችው ትንሿ ትበቃኛለች» አሉ። ጉድ ፈላ። ከእሳቸው በታች ያለ ማንም ሰው «እንግዲያው እኔ ልግባበት» የሚልበት አፍ የለውም። «እናንተ ግቡበት።» «ኧረ በፍጹም፣ እናንተ!» ሲባባል ከርሞ ግሩፑ ጭር አለ። የደረስን ዕለት ክፍሉ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ሆኖ ስለተገኘ ለእንጀራው ተሰጠ። ሳምንቱን ሙሉ ሐይቁን ከአልጋ ላይ ሆኖ ያየው እንጀራ ነው።

የቤቱ ደንብም ረጅም ነበር። በአካባቢው ጥቁር ድብ ስላለ ቆሻሻ ውጭ አያድርም፤ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ይገባል። እቴቴ ጅብ እንጂ ድብ አያስፈራቸውም፤ እሱን በ«እግዜር ይያዝልን» አለፉት። የጭስ መጠቆሚያው ግን አሳሰባቸው። ቡና ያለ ጭስ አይቆላ ነገር፤ ዕጣንም አለ። ከብዙ ድርድር በኋላ ረከቦቱ በረንዳ ላይ እንዲዘረጋ ተወሰነ።

የመጨረሻው መልእክት የወንድሜ ነበር፤ «መግቢያ 4፣ መውጫ 10።» አከራዩ ያለው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት እንገባለን፣ ሳምንት ቆይተን ከጠዋቱ አራት ሰዓት እንወጣለን። እቴቴ በእኛው ሰዓት አነበቡት፤ ጠዋት በአራት መግባት፣ በአሥር መውጣት። «ደግ ሰው ነው ባለቤቱ፣ ቀኑን አልቆረጠብንም» ብለው መረቁት። ላርማቸው ስል ወንድሜ ለብቻዬ ደወለልኝ። «ተያቸው። ይኼ ቤተሰብ በአሥር ሰዓት እንዲደርስ ከተፈለገ በአራት ሰዓት ትደርሳለህ መባል አለበት።»

የጉዞው ዕለት እቴቴ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ተቀምጠዋል። በአንድ ሰዓት ልንነሣ ነበር። እንጀራው ከመደብሩ ሳይመጣ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሥጋ ቤት ስንደርስ ከፊታችን ለሠርግ የሚያስከትፉ ሰዎች አሉ። ሥጋው ተይዞ መንገድ ከጀመርን በኋላ ጀበናው ቤት መቅረቱ ታወቀና ተመለስን። ስንመለስ ደግሞ ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ልጆች በባዶ ሆድ አይነዱም ተባለ። በመንገድ ላይ፣ ተራራው 100 ሜትር ገደማ ተቆርጦ አውራ ጎዳና በሚያልፍበት በሳይድሊንግ ሂል፣ ሁሉም ወርዶ ከአለቱ ጋር ፎቶ ተነሣ። ቤቱ በር ላይ ስንቆም ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ደቂቃ አላዛነፈም። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1946 ለእረፍት እዚሁ ሐይቅ ዳር ሰንብቶ ነበር። ጊዜ አንጻራዊ መሆኑን ለማስረዳት እኛን ቢያገኘን ኖሮ ሒሳቡ ሁሉ ይቀርለት ነበር። ወንድሜ ቁልፉን ሲከፍት ፊቱ በርቶ ነበር። እቴቴ ግን «ስድስት ሰዓት ሙሉ የተከፈለበት ቤት ባዶውን ዋለ» ብለው አዘኑ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ደረሱ። እቴቴ በረንዳው ላይ ቶናውን ሊቀዱ ነው። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ «እቴቴ፣ መውጫችን ደረሰ» አላቸው።

«አሥር ሰዓት ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

ወንድሜ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። መውጫውን ልግለጽ ቢል የመግቢያው ተንኮል ሊወጣ ነው። «ልክ ነው እቴቴ» ብሎ ስልኩን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። እቴቴ ለሁለቱ ሴቶች ሲኒ ጨመሩላቸው፤ በረካውንም ሳይጠጡ አልተነሡም። ለዘገየንበት አከራዩ ያስከፈለውን ገንዘብ፣ የአንዲት ኮካ ሒሳብ እንኳ ሳያካፍል የማያልፈው ወንድሜ፣ እስካሁን ግሩፑ ላይ አላነሣውም።