ወንድ ልጅ አይኳኳልም

ቦታው ከሾላ ገበያ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ የወንዶች ፀጉር ቤት ነው፤ ጊዜው ቅዳሜ ከሰዓት። ባለቤቱ ጌትነት ቆሞ ይሠራል። ጡረተኛው ጋሽ ዘውዴ ወንበሩ ላይ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛው አቶ ታፈሰ ጋዜጣ ዘርግቶ ተራ ይጠብቃል። ሚኪ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እኔ ጥግ ላይ ነኝ፤ ጆሮዬን እንጂ አፌን ይዤ አልመጣሁም።

አቶ ታፈሰ፦ የኛ ቢሮ ሴቶች ጠዋት በአንድ ፊት ገብተው ከምሳ በኋላ በሌላ ፊት ይመለሳሉ። የሰዓት ፊርማ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ ማን መጣች ማን ቀረች ግራ ይገባኛል። ያ ሁሉ ቀለም፣ ያ ሁሉ ዱቄት! ወንድ ልጅ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ይወጣል፣ አለቀ።

ጋሽ ዘውዴ፦ በኛ ጊዜ ለሴቷም ቢሆን ኩል ነበር፣ ቅቤ ነበር፣ ለበዓል እንሶስላ መሞቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ ነው።

ጌትነት፦ ጋሼ፣ ዛሬ ቁርጥ ብቻ ነው?

ጋሽ ዘውዴ፦ (ወደ በሩ አየት አድርገው) ቁርጥ ነው። እና ደግሞ... ያችን።

አቶ ታፈሰ፦ የቷን?

ጋሽ ዘውዴ፦ ሻይ! ሻይ አስመጣልኝ እያልኩት ነው።

ጌትነት፦ ጥቁሩን ነው ጋሼ ወይስ ቡናማውን?

ጋሽ ዘውዴ፦ ጥቁሩን። ፂሜም ላይ ጠብ አድርግበት።

(አቶ ታፈሰ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ጌትነት ከመሳቢያው የፀጉር ቀለም ካርቶን አወጣ። ካርቶኑ ላይ በሕይወቱ አንድም ቀን ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ የሚመስል ሰውዬ ይስቃል።)

አቶ ታፈሰ፦ ጋሼ! እርስዎም?

ጋሽ ዘውዴ፦ ምን እርስዎም አለው! ሰኞ ጠዋት ለፋይዳ መታወቂያ ፎቶ እነሳለሁ። ሽበቴን ለመንግሥት ማስመዝገብ ግዴታ ነው? ይህ መኳኳል አይደለም፤ ሰነድ ማስተካከል ነው።

ጌትነት፦ ሰኞ ጠዋት ከሆነማ አንደርስም።

ጋሽ ዘውዴ፦ ግማሽ ሰዓት አይደል የሚፈጀው?

ጌትነት፦ መቀባቱ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ግን ከጆሮዎ ኋላ ትንሽ አድርጌ 48 ሰዓት መጠበቅ አለብን። ካላሳከከዎት፣ ካላበጠ እንቀጥላለን።

ጋሽ ዘውዴ፦ ሁለት ቀን ሙሉ ለሽበት? ሽማግሌ ልከን እንኳ መልስ ከዚህ ፈጥኖ ይመጣል!

ጌትነት፦ ፒፒዲ የሚሉት ነገር አለበት። የሚያጠቁረው እሱ ነው፤ ያልተስማማውን ሰው የሚያሳብጠውም እሱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ፀጉር ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ እንዳያልፍ በሕግ ገድበውታል። አንድ ደንበኛ «ሙከራ ምናምን አትበለኝ፣ ዝም ብለህ ፂሜን አጥቁር» አለኝ፤ እሺ አልኩ። በማግስቱ ከንፈሩም ዓይኑም አብጦ፣ የገዛ ልጁ «ማንን ፈልገው ነው?» ብላ በር ላይ አቆመችው።

ጋሽ ዘውዴ፦ ይኸኛው ታዲያ ስንት በመቶ ነው?

ጌትነት፦ (ካርቶኑን እያገላበጠ) ሰውዬው ይስቃል እንጂ አይናገርም።

ጋሽ ዘውዴ፦ እንግዲያው ጥቁር ሂና አድርግልኝ። እሱ ቅጠል ነው።

ጌትነት፦ የሂና ቅጠል ወደ ቀይ፣ ወደ ብርቱካን ነው የሚሄደው። ባንዴ ጥቁር የሚያደርግ ሂና ካዩ ብዙ ጊዜ ያው ፒፒዲ ነው፤ ስሙን ቀይሮ የመጣ።

ጋሽ ዘውዴ፦ ቀይ ፂም ይዤ ከቀረብኩማ ዜግነቴንም ይጠይቁኛል። በል ቢያንስ ቅንድቤን ነካ ነካ አድርግልኝ።

ጌትነት፦ ቅንድብ አልነካም። ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ቀጠሮውን ያራዝሙ።

(ከጆሯቸው ኋላ ትንሽ ቀለም አድርጎላቸው ወደ አግዳሚው አዛወራቸው። ሚኪ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ጌትነት ልብሱን አልብሶት መስታወት ውስጥ አየውና ቆመ።)

ጌትነት፦ ሚኪ፣ ከአገጭህ በላይ የቀይ ዳማ ነህ፣ ከአገጭህ በታች ጠይም። ድንበሩን የት ላድርገው?

ሚኪ፦ ለብጉር ነው።

አቶ ታፈሰ፦ ብጉሩ ነው ያቀላህ?

ሚኪ፦ ክሬም ነው። ዶርም ውስጥ ሁሉም ይቀባዋል፤ ብጉርም ማድያትም ያጠፋል ይላሉ። ቤሩት ያለችው እህቴ ደግሞ ይህችን ላከችልኝ።

(ከኪሱ ቲዩብ፣ ከቦርሳው ስም የሌላት ትንሽ ብልቃጥ አወጣ።)

ጌትነት፦ ስትገዛ ፋርማሲስቷን አልጠየቅካትም?

ሚኪ፦ ወንድ ልጅ ቆሞ «የሚያቀላ ክሬም አላችሁ?» ይላል እንዴ? ለእህቴ ነው አልኳት።

ጌትነት፦ እሷስ ምንም አላለችህ?

ሚኪ፦ ብዙ መከረችኝ። ለእህቴ ስለሆነ አልሰማሁም።

(እዚህ ላይ ከጥግ አንድ ነገር ልበል። ባለቤቴ በምትሄድበት የሴቶች ፀጉር ቤት፣ ካስክ ሥር የተቀመጠችው ሁሉ ምን እንደተቀባች፣ በስንት እንደገዛችው፣ የት ቦታ እንዳሳከካት ጮክ ብላ ታወራለች፤ ካስኩ ስለሚጮህ መንገደኛውም ይሰማል። የሚባለው ሁሉ ትክክል ነው አልልም። ግን የአንዷ ፊት ሲያብጥ ሌሎቹ ያያሉ፣ ያን ክሬም የገዛችም ሳትከፍተው ትመልሳለች። እኛ ዘንድ ስለ አርሰናል ሦስት ሰዓት ይወራል፤ ስለ ገዛ ቆዳችን የሚወራው በሹክሹክታ ነው፣ እሱም በዘመድ ስም።)

አቶ ታፈሰ፦ ይኸው እንግዲህ! ወንዱም ከሴቱ ተማረ። ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አያችሁ?

(በሩ ተከፈተ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አልማዝ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ናሆምን ይዛ ገባች። ቲዩቡ አቶ ታፈሰ ጋዜጣ ሥር ገባ፤ ብልቃጡ ሚኪ ኮፍያ ውስጥ፤ የጋሽ ዘውዴ ጆሮ በጋቢ ተሸፈነ።)

ሲስተር አልማዝ፦ እንደምን ዋላችሁ። ጌትነት፣ ልጄ እዚህ ከተላጨ በኋላ ራሱ ላይ ይህን ክብ ነገር አመጣ። ቆረቆር ነው። ማሽንህን በምን ነው የምታጸዳው?

ጌትነት፦ ሲስተር፣ ምላጭ ለእያንዳንዱ ሰው ፊቱ ነው የምቀድለት፣ ይጠይቋቸው።

ሲስተር አልማዝ፦ ስለ ምላጭ አልጠየቅኩህም። ምላጩን ሁሉም ያየዋል፣ ኤድስ አስተምሮናል። ማሽኑን ነው።

ጌትነት፦ በብሩሽ አራግፈዋለሁ።

ሲስተር አልማዝ፦ ብሩሽ ፀጉር ያራግፋል፣ ፈንገስ አይገድልም። አልኮል የለህም?

ጌትነት፦ አለኝ እንጂ! ደንበኛው ሲጨርስ ፊቱ ላይ አደርግለታለሁ። ካላቃጠላቸው አልሠራህም ይሉኛል።

ሲስተር አልማዝ፦ ሰውየውን አቃጥለህ ማሽኑን ታሳርፈዋለህ ማለት ነው።

(ጌትነት 70 በመቶ ተብሎ የተጻፈበትን ጠርሙስ አንስቶ የማሽኑን ጥርስ መጥረግ ጀመረ። ናሆም በበኩሉ ጋዜጣውን ገልጦ ያገኘውን ነገር እየቆጠረ ያነብባል።)

ናሆም፦ ክ... ሎ... ቤ... ታ... ሶል። እማዬ፣ ይሄ እኮ የአባዬ ነው!

ሲስተር አልማዝ፦ የምን የአባዬ?

ናሆም፦ መኪናው ውስጥ የሚደብቀው። ፊቱን ይቀባዋል። የኔንም ራስ ቀባኝ፤ ማሳከኩ ቆመ፣ ከዚያ ይሄ ነገር ሰፋ።

(ሲስተር አልማዝ ሳትጋበዝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጌትነት ከወቀሳው ግማሹ የወረደለት ሰው ትንፋሽ ተነፈሰ።)

ሲስተር አልማዝ፦ በስንት ጉድ ነው የምኖረው! እኔ ቀን ሙሉ ሰው ስመክር እውላለሁ...

ጋሽ ዘውዴ፦ ምንድን ነው እሱ ነገር ልጄ?

ሲስተር አልማዝ፦ ብርቱ ስቴሮይድ ነው ጋሼ። ሐኪም ለአንዳንድ የቆዳ በሽታ ያዘዋል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ። ፊት ላይ እንዲቀባ አይደለም። ቆረቆር ላይ ሲያደርጉት መቅላቱንና ማሳከኩን ይደብቀዋል፤ ፈንገሱ ግን ከልካይ አጥቶ ይስፋፋል። የራስ ቆረቆር ደግሞ የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚፈልገው። ለመሆኑ ይህ ቲዩብ የማን ነው?

(አቶ ታፈሰ ጋዜጣውን ገልብጦ የሟቾች ማስታወቂያ ማንበብ ያዘ።)

ሚኪ፦ የኔ ነው ሲስተር። አራት ወር ሆኖኛል።

ሲስተር አልማዝ፦ ጎሽ፣ መናገርህ። ቆዳህ እየሳሳ ነው፤ ጉንጭህ ላይ ደም ሥሩ ይታያል። ያጠፋልኛል ያልከውን ብጉር ራሱ ያብሰዋል። ባንዴ ስታቋርጠው ደግሞ ፊትህ ሊቀላና ሊያቃጥልህ ይችላል፤ ስለዚህ በራስህ ጊዜ አታድርገው። ሰኞ ና፣ ወደ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ሪፈር እንጽፍልሃለን። ሌላስ የምትቀባው አለ?

(ሚኪ ብልቃጧን ከኮፍያው አወጣ፤ ከላስቲኳ ጋር የተጠቀለለች ወረቀትም አለች።)

ሚኪ፦ እህቴ አቀባቡን ጽፋልኛለች፤ «ስትቀባ ቀለበት አውልቅ፤ ወርቅና ብር እንዳታስነካ።»

ጋሽ ዘውዴ፦ ወርቅ ያልቻለውን ፊትህ ሊችለው?

ሲስተር አልማዝ፦ ጋሼ አገኙት። ወርቅና ብር አታስነኩ የሚል ክሬም ሜርኩሪ እንዳለበት መጠርጠር ነው። ያቀላል፣ ኩላሊት ይጎዳል። አንተ ብቻ አይደለህም የምትጎዳው፤ ፎጣህንና ትራስህን የሚጋራህም ይደርሰዋል። አገሮች ሚናማታ በሚባለው ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እንዳይሠራ፣ ወደ አገር እንዳይገባና ከአገር እንዳይወጣ ወስነዋል። ግን ይህች ብልቃጥ ስም የላትም፣ የሠራት አይታወቅ፤ ማን ጠርቶ ይከስሳታል? ክዳኗን ዝጋና ሰኞ ይዘሃት ና፣ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥላት። ለእህትህም ዛሬውኑ ደውልላት፤ ለአንተ የላከችውን ሳትቀባ አትቀርም።

ሚኪ፦ ታዲያ ምን ልቀባ?

ሲስተር አልማዝ፦ የፀሐይ መከላከያ፣ 30 እና ከዚያ በላይ የሚል። አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለመግዛት ካልተመቸህ ያ ኮፍያ አለልህ፤ ለመደበቂያ ማድረጉን ትተህ ለጥላ አድርገው።

ጋሽ ዘውዴ፦ እኔ እኮ ብያለሁ። በኛ ጊዜ ኩል ብቻ ነበር።

ሲስተር አልማዝ፦ ኩሉም ቢሆን ጋሼ፣ አንዳንዱ ድንጋይ እርሳስ ይገኝበታል።

ጋሽ ዘውዴ፦ እንሶስላን እንዳትነኪብኝ!

ሲስተር አልማዝ፦ እንሶስላን አልነካሁም። ጆሮዎን ግን ምን ሆነው ነው የሸፈኑት?

ጋሽ ዘውዴ፦ ብርድ ነው።

ሲስተር አልማዝ፦ ብርዱን እስከ ሰኞ ከሰዓት እንዳይታጠቡት። ካሳከከዎት ግን ቶሎ በውኃና በሳሙና ያስለቅቁትና ይምጡ።

(ልጇን አስነስታ ልትወጣ ስትል አቶ ታፈሰ ጋዜጣውን አጥፎ በሩ ላይ ደረሰባት። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ ፀጉር ቤቷ ግን ጠባብ ናት።)

አቶ ታፈሰ፦ ሲስተር፣ ባንድ ነገር ላስቸግርዎት። ለኔ አይደለም። ለባለቤቴ ነው።

ሲስተር አልማዝ፦ ምን ሆኑ?

አቶ ታፈሰ፦ ያው ሴቶች አይደሉ... አገጯ ሥር እብጥ እብጥ ይልና ይጠቁርባታል። እሱን ለማጥፋት ያንኑ ክሬም ትቀባለች።

ሲስተር አልማዝ፦ መቼ መቼ ነው የሚብስባቸው?

አቶ ታፈሰ፦ ከተላጨች በኋላ።

(ማሽኑ ድምፁን አጠፋ። ሚኪ ኮፍያውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ።)

ሲስተር አልማዝ፦ ወደ ታች ነው ወደ ላይ የሚላጩት?

አቶ ታፈሰ፦ ወደ ላይ። ቆዳውን ወጥራ፣ ከሥሩ እንዲወጣላት።

ሲስተር አልማዝ፦ ይንገሯቸው እንግዲህ፤ ፀጉሩ ወደሚበቅልበት ይላጩ፣ ቆዳውን አይወጥሩት፣ ትንሽ ያስቀሩለት። ከሥሩ የተቆረጠ ከርዳዳ ፀጉር ሲያድግ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ የሚያብጠው እሱ ነው። ሰኞ ክሬሙን ይዘው ይምጡ ይበሏቸው፤ እስከዚያ ፂማቸውን እንዳይላጩ።

አቶ ታፈሰ፦ እነግራታለሁ። ቅር ይላታል እንጂ።