የሁለተኛው ቅጽ መዘዝ

የእህቴ ልጅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። እኛ ቤት መጥታ ሁለት ነገር ሳትረሳ አትሄድም፤ የስልክ ቻርጀርና መጽሐፍ። ቻርጀሩን በማግስቱ ደውላ ታስመልሳለች። መጽሐፉ ግን ጠያቂ ስላልነበረው እኔ ወረስኩት።

ቶሚ አደዬሚ የምትባል ትውልደ ናይጄሪያ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው «ቺልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን» ነው፤ በእኛ «የደምና የአጥንት ልጆች» እንበለው። ለወጣቶች የተጻፈ፣ አስማትና ጀብዱ የሞላበት ልብ ወለድ። ሽበት የወረረው ሰው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ እንዲያነበው የታሰበ አይመስለኝም። እኔ ግን ከፈትኩት።

ኦሪሻ በምትባል አገር አስማተኞች ነበሩ። አስማታቸው በጠፋ ጊዜ ንጉሡ አመቺ ሰዓት አገኘና ፈጃቸው። የባለታሪኳ የዜሊም እናት በዚያው አለቀች። ልጅቷ አድጋ፣ ቀንዳም አንበሳ እየጋለበች፣ ከወንድሟና ከቤተ መንግሥት ከኮበለለችው ልዕልት አማሪ ጋር የጠፋውን አስማት ለመመለስ ትነሣለች። የአማሪ ወንድም ኢናን ደግሞ ከኋላ ከኋላቸው ያሳድዳል።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ነው!» አለኝ የታክሲው ረዳት። ቀና ብዬ ሳይ አያት ደርሰናል። እኔ የምወርደው ጉርድ ሾላ ነበር።

መጽሐፉ ሲያልቅ አስማቱ ይመለሳል። እፎይ ልል ስል በልዕልት አማሪ ጥቁር ፀጉር መሐል አንድ ነጭ ዘለላ ብቅ ይላል። ነጭ ፀጉር የአስማተኞቹ ምልክት ነው፤ እሷ ግን የንጉሥ ልጅ ናት። ደራሲዋ እዚህ ላይ ጥላን ትሄዳለች። ወዲያው ሁለተኛውን ቅጽ ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ከእኔ የባሰ አይተዋል፤ ቀጠሮው ተራዝሞ እስከ ዲሴምበር 2019 ጠብቀዋል፤ ለሦስተኛው ደግሞ እስከ 2024።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጻሕፍት ክንዱ ላይ ደርድሮ የሚዞር ልጅ «አለኝ ጋሼ፣ ነገ ብቅ ይበሉ» አለኝ። በማግስቱ ፎቶኮፒውን አመጣ። የሽፋኑ ቀለም ደብዝዟል፣ ሙጫው ገና አልደረቀም። በዋጋው ስንከራከር ቆየንና «ለእርስዎ ብዬ ነው» ብሎ ተቀበለኝ።

እውነትም መዘዝ የሚያስከትል መጽሐፍ ነው! አስማቱ የተመለሰው ለተገፉት ብቻ አልነበረም። በዘራቸው የአስማተኛ ደም ያለባቸው መኳንንትም ደረሳቸው፤ ቲታን ይሏቸዋል። ከበረቱት መካከል ደግሞ የአማሪ እናት፣ ንግሥት ነሃንዳ አለችበት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዜሊ ያን ሁሉ መከራ የተቀበለችው ጠላቷን ለማስታጠቅ ኖሯል! አገሩ በጦርነት ታመሰ።

የሁለተኛ ቅጽ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው። በተረት ጠላት ድል ከተነሣ ተረቱ አለቀ። እዚህ ግን ከድሉ ማግስት ማን ይንገሥ? የሞቱት ደማቸው ማን ላይ ይውደቅ? ትናንት አንድ ጎን የተሰለፉት ዜሊና አማሪ ዛሬ በሰላም ጉዳይ ይቃቃራሉ። ምዕራፎቹ በዜሊ፣ በአማሪና በኢናን አንደበት ስለሚፈራረቁ ዳኝነቱ አንባቢን ይቸግረዋል። አንዱ ምዕራፍ ላይ «ይበለው!» ያልኩትን ሰው ቀጣዩ ላይ አዘንኩለት። ልጆቹ ይህን የሚወዱት ለካ ስለ አዋቂዎች ዓለም ሳይሸፍን ስለሚነግራቸው ነው።

ውጊያው ሲፋፋም ገጽ ገለጥኩ። ያነበብኩት ገጽ ነው። እንደገና ገለጥኩ፤ አሁንም ያነበብኩት። ጠራዡ አንዱን ክፍል ደግሞ ሰፍቶ ተከታዩን ዘሎታል። በሕይወት የተውኩት ሰው፣ ትረካው ሲቀጥል እየተለቀሰለት ነው። ማን ገደለው? እንዴት? ብሔራዊ ሄጄ ያንን ልጅ ብፈልገው ውሃ በልቶታል።

የእህቴ ልጅ ዘንድ ደወልኩ። ዋናውን ቅጂ አክስቷ ከአሜሪካ ልካላታለች።

«መጀመሪያ አንደኛውን መልስልኝ ጋሼ» አለች። ቀጥላ «የሞተውማ…» ስትል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ኬክ ቤት ተገናኘን። እሷ ኬኳን እየበላች እኔ የጎደሉትን ገጾች አነበብኩ። «የአንደኛውን የደራሲዋን ማስታወሻ አይተኸዋል?» ስትል ጠየቀችኝ። ወደ ሁለተኛው ስጣደፍ ዘልዬዋለሁ። አውጥታ ሰጠችኝ። አደዬሚ ታሪኩን የጻፈችው በአሜሪካ መሣሪያ ያልያዙ ጥቁሮች በፖሊስ ጥይት መውደቃቸውን በየጊዜው በምትሰማበት ወቅት መሆኑን ትናገራለች። የዜሊ ቁጣ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በሁለተኛው ቅጽ ቶሎ የማይበርደውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው፦ ተከታታይ መጽሐፍ ለመጀመር ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሁለተኛውን ቅጽ እጃችሁ ሳታስገቡ የአንደኛውን የመጨረሻ ገጽ አታንብቡ። ፎቶኮፒ ከሆነ ደግሞ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት የገጹን ቁጥር አንድ በአንድ ተመልከቱ።