የአርማዎቹ ሸንጎ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ቀኑን በትክክል ለመናገር በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 2017፣ በእነሱ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025፣ የእንግሊዝ የዝውውር መስኮት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተዘጋ። (ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ሰው ሁሉ ስልኩን ጥሎ ሲተኛ፣ በየማልያው ደረት ላይ የተሰፉት አርማዎች ከክራቸው እየተፈቱ ወርደው ዌምብሌ ሜዳ ላይ ለሸንጎ ተቀመጡ። አንበሳው ከቼልሲ፣ ቀበሮው ከሌስተር፣ አውራ ዶሮው ከቶተንሃም፣ አርማው ላይ ባይኖርም በቅጽል ስሙ የሚጠራው ጥቁርና ነጩ ወፍ ከኒውካስል፣ የባሕር ወፏ ከብራይተን፣ ንስሩ ከክሪስታል ፓላስ፣ በአፉ ቅጠል የያዘው ወፍ ከሊቨርፑል መጡ። ቀዩ ሰይጣንም ጦሩን ይዞ ከማንችስተር ዩናይትድ ወረደ። የአርሴናል መድፍ እግር ስለሌለው የኢፕስዊች ፈረስ ጎትቶ አመጣው።

ባለቤት ይለወጣል፣ አሰልጣኝ ይባረራል፣ ተጫዋች ይሸጣል። የማይዘዋወሩት አርማና ደጋፊ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አርማ አፍ ቢያወጣ የሚናገረው የደጋፊውን ልብ ነው። ደጋፊዎቹ ራሳቸውም አልቀሩ፤ ድንቢጥ ሆነው የዌምብሌን ጣሪያ ሞልተውታል። የድንቢጥን ነገር ታውቁታላችሁ። አንዷ ስትጮህ ሁሉም ይጮሃሉ፤ ለምን እንደጮኹ የሚጠያየቁት ኋላ ነው።

ሰብሳቢዋ የሸፊልድ ዌንስደይ ጉጉት ነበረች። በእኛ አገር ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች መርዶ ናት፤ ፈረንጆቹ ግን የጥበብ ወፍ ያደርጓታል። ደግሞም አሮጊት ናት። ክለቧ የተመሠረተው በ1867 ሲሆን የእንግሊዝን ሊግ አራት ጊዜ አንስታለች፤ የመጨረሻው በ1930 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊጉን ያላነሳ ሰው ሽማግሌነት ያምርበታል።

«ክረምቱን በሙሉ ከዚህ ጣሪያ የሚወርደው ጩኸት አንድ ነው፤ ግዙ! ግዙ!» አለች እመት ጉጉት። «እንቅልፍ ነሡን። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃችሁ። ቡድን በምን ይገነባል?»

የሊቨርፑሉ ወፍ ቅጠሉን ከአፉ አወጣ። «በገንዘብ! እኔ ዛሬ ለአሌክሳንደር ኢሳቅ ብቻ 125 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍያለሁ። በእንግሊዝ ምድር ለአንድ ተጫዋች ይህን ያህል ያወጣ የለም።»

ግማሹ ጣሪያ በእልልታ፣ ግማሹ በእርግማን ተናጋ። ጥቁርና ነጩ ወፍ አንገቱን እንደደፋ ነበር።

«በ2022 ከስፔን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ባለፈው መጋቢት እዚሁ ሜዳ ላይ አንተኑ 2 ለ 1 ስረታ አንዷን ጎል ያገባብህ እሱ ነው። ከ1955 ወዲህ የአገር ውስጥ ዋንጫ በቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ሰባ ዓመት! የዋንጫው ደስታ ሳይበርድልኝ ነሐሴ ላይ ከአንተ ጋር አልቀጥልም አለኝ።»

«የረታህን መግዛት ነው ብልሃቱ» አለና የሊቨርፑሉ ወፍ ቅጠሉን መልሶ ጎረሰ።

በዚህ መሃል በጋውን አዲስ አበባ የምታሳልፍ አንዲት ተጓዥ ወፍ ከጣሪያው ጫፍ ሳቀች። «ይህን ጭቅጭቅ ዲኤስቲቪ ቤት ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ! እዚያ ቴምዝን በዓይኑ ያላየ ጎረምሳ የአርሴናልን የደመወዝ ዝርዝር ሲተነትን ያድራል። የቀበሌውን በጀት ብትጠይቁት አያውቅም። የኢሳቅንማ ነገር ተዉት፤ ወላጆቹ ኤርትራውያን ስለሆኑ እንደ አክስት ልጅ ነው የሚሟገቱለት።» ሥርዓት ተብላ ዝም አለች። እኔ ግን እውነቷን ነው እላለሁ።

ቀጥሎ አውራ ዶሮው ተነሣ። ደረቱን ነፍቶ ጀመረ እንጂ ድምፁ ቶሎ ተሰበረ።

«ገንዘብስ እኔም አይቻለሁ። በ2013 ጋሬዝ ቤልን ለሪያል ማድሪድ ስሸጥ በዓለም ላይ ከዚያ የበለጠ ዋጋ ተከፍሎ አያውቅም ተባለ። ድንቢጦቼ 'ግዛ!' አሉኝ፤ ገዛሁ። በአንድ ክረምት ሰባት! ፓውሊንሆ፣ ሻድሊ፣ ሶልዳዶ፣ ካፑ፣ ኪሪኬሽ፣ ላሜላ፣ ኤሪክሰን። ለሶልዳዶ ብቻ 26 ሚሊዮን ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ ስድስት ጎል አገባ፤ አብዛኞቹ በፍጹም ቅጣት ምት። እንደታሰበው የሆነልኝ ኤሪክሰን ነው።»

«ታዲያ ቡድኑን ማን አነሣው?» አለች ጉጉት።

ዶሮው ትንሽ አመነታ። «ያን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ የ20 ዓመት ልጅ ተቀምጦ ነበር። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ በቤቴ ነው ያደገው። ለሌይተን ኦሪየንት አዋስኩት፣ ለሚልዎል አዋስኩት፣ ለኖርዊች አዋስኩት፣ ለዚህ ለቀበሮው ሳይቀር አዋስኩት። ሃሪ ኬን ነው። ሳየው እየዋልኩ አላየሁትም። ኋላ 280 ጎል አግብቶልኝ ወደ ባየርን ሄደ።»

«እኔ ቤትማ ወንበር ሲያሞቅ ነበር» አለ ቀበሮው። የሳቀለት የለም።

አያ አንበሶ ይህ ሁሉ የልብ ወግ አሰለቸው። ከጋማው ውስጥ የሒሳብ መዝገብ አወጣ፣ መነጽሩንም አደረገ። «ቡድን የሚገነባው በሒሳብ ነው። ልብ ብላችሁ ስሙኝ። አንድ ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ገዝቼ የ5 ዓመት ውል ባስፈርመው፣ በየዓመቱ መዝገቤ ላይ የሚሰፍረው ወጪ 20 ሚሊዮን ነው። 8 ዓመት ተኩል ባስፈርመውስ? 12 እንኳ አይሞላም። ኤንሶ ፈርናንዴዝን በጥር 2023 በ106.8 ሚሊዮን ያመጣሁት በዚህ ብልሃት ነው። ኋላ ደንብ አውጪዎቹ ነቁብኝና ዋጋውን ከ5 ዓመት በላይ መበተን ከለከሉ።»

«ሻምፒዮን ሆንክበት?» አለ አንድ ድንቢጥ።

«12ኛ ወጣሁ» አለ አንበሳው፤ ገጹን ቶሎ ገለበጠ። «ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከቤቴ ያደገ ልጅ የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው መዝገቡ ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ የሸጥኩበት ገንዘብ ሳይሸራረፍ ትርፍ ተብሎ ይጻፍልኛል። በሊጉ ደንብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የከሰረ ነጥብ ሊቀነስበት ይችላል። ኤቨርተን በ2023 10 ነጥብ ተቆርጦበት በይግባኝ 6 ሆነለት፤ ኖቲንግሃም ፎረስት በ2024 4 ነጥብ አጣ። እንግዲህ ቋቱ ሲጎድል ማንን ልሽጥ? በውድ የገዛሁትን ብሸጥ መዝገቡ ላይ ኪሣራ ሊወጣ ይችላል። የቤቴን ልጅ ነዋ! ሜሰን ማውንት በ6 ዓመቱ ነው እኔ ዘንድ የመጣው፤ በ2023 በ55 ሚሊዮን ሸጥኩት።»

«የገዛሁት እኔ ነኝ» አለ ቀዩ ሰይጣን።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ሰይጣን ሲያፍር አይታችሁ አታውቁም ይሆናል፤ ቀይ ስለሆነ አያስታውቅበትም።

«ከጥቅምት 1937 ጀምሮ ያሳደግሁት ልጅ የሌለበት ቡድን ይዤ አንድም ጨዋታ ገብቼ አላውቅም። በዚህ የሚስተካከለኝ የለም። ግን የአያ አንበሶን ልጅ በገዛሁ በዓመቱ የራሴን ሸጥኩ። ስኮት ማክቶሚናይ በ5 ዓመቱ ነበር የተቀበልኩት። በነሐሴ 2024 ናፖሊ 25 ሚሊዮን ገደማ ሰጠኝና አሰናበትኩት። ሁሉም ትርፍ ተብሎ ተጻፈ። ግንቦት ላይ ናፖሊ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም እሱ ተባለ። እኔ በዚያው ዓመት 15ኛ ወጣሁ።» ጦሩን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። «'የዩናይትድ ደረጃ አይደለም፣ ሽጡት' ብላችሁ የጮኻችሁት እናንተ ናችሁ!»

ጣሪያው ላይ ሽብር ሆነ።

«እኔ አላልኩም» አለች አንዲት ድንቢጥ።

«ብለሻል! አጠገብሽ ነበርኩ» አለቻት ጎረቤቷ።

«ሽጡት ብያለሁ እንጂ ለናፖሊ ሽጡት አላልኩም።»

«ለማን ይሸጥ ነበር ታዲያ?»

«በዚያ ገንዘብ የተሻለ ይገዛል ብዬ ነዋ!»

«የተሻለው ማነው?»

ድንቢጧ ብዙ አሰበች። «ስሙን ረሳሁት፤ ግን ቪድዮውን አይቻለሁ።»

የባሕር ወፏ ይህን ስትሰማ ክንፏን አራገበች። እሷ ነገር አታበዛም። «እኔ ካይሴዶን ከኢኳዶር በ4 ሚሊዮን ገደማ አምጥቼ ለአያ አንበሶ በ115 ሚሊዮን ሸጥኩ። የናንተ ጩኸት ለእኔ ገበያ ነው። ሊግም ኤፍኤ ካፕም አንስቼ አላውቅም፤ እንቅልፌን ግን እተኛለሁ።» ይህችን ወፍ ሰው ሁሉ ያመሰግናታል። እኔ ግን ጎጆ ይሁን መደብር ያላትን ነገር እስካሁን አልለየሁትም።

ተራው የአያ ቀበሮ ሆነ። እሱ ሲነሣ አንበሳው እንኳ መነጽሩን አወለቀ። ክለቡ ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ አንድ ፓውንድ ላስያዘ 5,000 ይከፈለዋል እየተባለ ተቀልዶበት በ2016 ዋንጫውን ያነሣ ነው።

«ማህሬዝን ከፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ግማሽ ሚሊዮን እንኳ በማይሞላ ዋጋ አመጣሁት። ካንቴን በ5.6 ሚሊዮን። ቫርዲን ከሊጎቹ ውጭ ከሚጫወት ክለብ በ1 ሚሊዮን። ይህን ሁላችሁም ታወሩታላችሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አታወሩም። ዋንጫውን ባነሣሁ በዚያው ክረምት ካንቴን አንበሳው ወሰደው። ማህሬዝን ማንችስተር ሲቲ፣ ማጓየርን ሰይጣኑ በ80 ሚሊዮን። ገንዘቡን ይዤ እንደ እናንተ ልገዛ ወጣሁ፤ እንደ እናንተም ሆንኩ። በ2023 ወረድኩ፤ ተመልሼ በ2025 ደግሜ ወረድኩ።»

ከዚያ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ። «እመት ጉጉት፣ እስካሁን የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። አሁን እኔ ልጠይቅ። ቫርዲን በ16 ዓመቱ 'አጭር ነው' ብሎ ያባረረው ማነው?»

ጉጉት ዓይኗን ጨፈነች። የጉጉት ዓይን ሲጨፈን ጨለማው ራሱ ይጨምራል።

«አንቺ ነሽ» አለ ቀበሮው። «ከደጅሽ ሳይርቅ ስቶክስብሪጅ በምትባል ከተማ ለሰፈር ቡድን ሲጫወት ኖረ። ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ለተጎዳ እግር መደገፊያ ይሠራ ነበር። አንድም ቀን አላየሽውም።»

አንዱ ሲጀምር ሌላው ተከተለ። «አያ አንበሶስ?» አለ ፈረሱ፣ የመድፉን ገመድ እንደያዘ። «ዴክላን ራይስን በ14 ዓመቱ ያሰናበተው እሱ አይደለም? ዌስትሃም አሳድጎት ይኸው ይህ መድፍ በ105 ሚሊዮን ገዛው።»

መድፉ በኩራት ሊያጓራ አፉን ሲከፍት ንስሩ ቀደመው። «ቆይ፣ ቆይ። አንተ ኤቤሬቺ ኤዜን በ13 ዓመቱ ከበርህ መልሰኸው የለም? በግንቦት እዚሁ ዌምብሌ ሲቲን 1 ለ 0 ረትቼ የዕድሜዬን የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ ስወስድ ጎሏን ያገባት እሱ ነው። በነሐሴ 60 ሚሊዮን ቆጥረህ የራስህን ልጅ ከእኔ ገዛህ። ሒሳብ አዋቂው አንበሳ ይህን በየትኛው ገጽ ይጽፈዋል?»

«ኬንንም ልጅ ሳለ ያባረረው እሱ ነው!» ብሎ አውራ ዶሮው ጮኸ። «በሰሜን ለንደን ደርቢ ከእሱ የበለጠ ጎል ያገባ የለም!» መድፉ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ጥይትም ጢስም አልወጣው።

ያኔ ጉጉት ዓይኗን ገለጠች። «በእኔ ላይ የተገኘ ነውር በሌላው ላይ እንድፈርድ አያስችለኝም። ፍርድ አልሰጥም፤ ቀጠሮ እሰጣለሁ። እስከ ጥር እያንዳንዳችሁ በሰባራ ሰንጣራው ምክንያት ያባረራችኋቸውን ልጆች ስም ጽፋችሁ አምጡ። ዝርዝር ያላመጣ 'ግዙ' ብሎ መጮህ አይችልም። እኔም የራሴን እጽፋለሁ፤ በቫርዲ እጀምራለሁ።»

አያ አንበሶ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠው። «ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም» አለ።

«አስምርበት።»

ጣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ። አንዲት አሮጊት ድንቢጥ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች፦ «እኛስ ማንን እንጻፍ? እኛ ማባረር የሚያስችል ሥልጣን የለን።»

«የ19 ዓመት ልጅ ኳስ ሲያመልጠው ካፏጫችሁበት ጀምሩ» አለች ጉጉት፣ ሸንጎውንም በተነች።

ሲነጋ አርማዎቹ በየማልያው ተሰፍተው ተገኙ። በጥቅምት የእመት ጉጉት ክለብ ራሱ ዕዳው አናቱ ላይ ወጥቶ በኪሣራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ 12 ነጥብም ተቀነሰበት። ሸንጎው ያለ ሰብሳቢ ቀረ። በጥር መስኮቱ በቀጠሮው ተከፈተ፤ ዝርዝር ይዞ የመጣ ግን አልነበረም።