የኢጂአር ችሎት

ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ያለ ማስረጃ የሚፈረድበት የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ኢጂአር ቫልቭ ነው እላለሁ። ካንዴላ ቢያንስ ተፈትቶ ይታያል፤ ባትሪ ቢያንስ ይለካል። ኢጂአር ግን ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ካለ አለቀለት፤ ይግባኝ እንኳ የለውም።

ሥራውም ለወሬ ይመቻል። ሞተሩ ካወጣው ጭስ ቀንሶ መልሶ ለራሱ ለሞተሩ ያስተነፍሰዋል! ላልሰማ ሰው ቅጣት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ብልሃት ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይዋሃዱና ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። አንዴ የተቃጠለ ጭስ ደግሞ ሁለተኛ ስለማይቃጠል፣ ጥቂት ሲቀላቀልበት የእሳቱ ግለት ይበርዳል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መኪኖቻቸው ላይ መግጠም የጀመሩት ለዚሁ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅና በሚኒሞ ሲሠራ ቫልቩ ዝግ ነው፤ ሞቆ መንገድ ሲጀምር ይከፈታል።

የእኔዋ መኪና ሜዳ ላይ ድምጿ አይሰማም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ አቀበቱን ስትጀምር ግን ሞተሯ ቅጭል ቅጭል ይላል፤ ዳሽቦርዱ ላይም ቢጫዋ መብራት ትበራለች። ኮምፒውተር የሚያስነብበው ልጅ ገመዱን ሰክቶ «ፒ0401» አለኝ። በኢጂአር በኩል የሚያልፈው ጭስ አንሷል ማለት ነው። «ቫልቩን ቀይረው» አለ፣ ገመዱን እንኳ ሳይነቅል። ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ ጭስ አነሰኝ አለ እንጂ ጥፋተኛው ቫልቩ ነው አላለም። ያቀረበው ክስ ነው፤ ፍርዱን የጨመረው ልጁ ነው።

ከዚያ በኋላ ምስክር በየተራ መጣ። ሶማሌ ተራ ያለ ዕቃ ሻጭ የመኪናዋን ዓይነት እንኳ ሳይጠይቅ «ኦሪጅናል አለኝ» አለ። የግቢያችን ጡረተኛ ሹፌር «አንተ ልጅ፣ ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው?» ብለው ነገሩን ወደ ማደያው ወሰዱት። አንዱ ወዳጄ «ኮዱን አስጠፋው» አለኝ፤ መብራቷ ስትጠፋ ሞተሩም ዝም የሚል መስሎት። ከሁሉ የገረመኝ ግን የታክሲ ሹፌሩ ነው፦ «በላሜራ ድፈነውና ተገላገል!» የሚያልፈው ጭስ አነሰ ተብሎ የተከሰሰን መንገድ ጭራሽ መድፈን!

በመጨረሻ አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ኮዱን ስነግራቸው «ሰማሁ» አሉና ሌላ ጠየቁኝ፦ «በሚኒሞ ትንቀጠቀጣለች? መብራት ላይ ስትቆም ትጠፋለች?» የለም አልኳቸው። «እንግዲያው ተከፍቶ አልቀረም» አሉ። ጥላሸት ተቀርቅሮበት ሳይዘጋ የቀረ ቫልቭ ሞተሩን በሚኒሞ ያሰቃየዋል፤ የጭሱ መንገድ ሲዘጋ ግን ሚኒሞው ሰላም ነው፣ የሚንኳኳው አቀበት ላይ ነው።

ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁ። ከዚያ የቫልቩን ቀጭን ጎማ ነቅለው በምትኩ የቫኪዩም የእጅ ፓምፕ ሰኩና ቫልቩን በግድ ለመክፈት ይስቡ ጀመር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው፤ በሚኒሞ ጭስ የገባበት ሞተር መንቀጥቀጥ፣ ከቻለም መጥፋት አለበት። የኔዋ ግን ቅንጣት አልተነቃነቀችም። እኔ «እንዴት ጠንካራ ናት!» ልል ስል፣ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢጠፋ ኖሮ ቫልቩም መንገዱም ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደ ጎማው፣ ቫኪዩሙን ወደሚከፍትና ወደሚዘጋው ሶሌኖይድና ወደ ሽቦው ይሄድ ነበር። አልጠፋም። ቀጥለው በባትሪ መብራት እያዩ እንደገና ሳቡ፤ የቫልቩ ዘንግ ከፍ አለ፣ የፓምፑም መርፌ ሳይወርድ ቆመ። በቫኪዩም የሚሳበው ስስ ሽፋን፣ ዲያፍራሙ፣ አልተቀደደም፤ ቫልቩም ይከፈታል። ተከሳሹ ነፃ ወጣ!

ቫልቩ ተፈታ። ከሥሩ ወደ አየር ማስገቢያው የሚወስደው ቀዳዳ በደረቀ ጥላሸት ተደፍኖ፣ እንኳን ጭስ መርፌም አያሳልፍም ነበር። ረዳታቸው በሽቦ እየፋቀ፣ በማጽጃ እያራሰ ጠረገው። ተገጥሞ ፓምፑ ዳግመኛ ሲሳብ መኪናዋ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መኪና ስለጠፋች ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ጥላሸት ያጠራቅማሉ። ስለዚህ «ቀይረው» ለሚላችሁ ሁሉ «በምን አወቅህ?» የምትለዋን ጥያቄ አዘጋጁለት። ኪሳችሁ ያመሰግናችኋል፤ ጎረቤት ግን አይረዳችሁም። ጡረተኛው ሹፌር የከፈልኩትን ሲሰሙ ጮኹ፦

«አንዲት ዕቃ እንኳ ሳይቀይር ይህን ሁሉ ተቀበለህ?»

«ጋሼ፣ የከፈልኩትማ ላልቀየሩት ዕቃ ነው» አልኳቸው።