መብራት ሲመጣ የሚረሳው ጄኔሬተር

መብራት ከመጣ በኋላ ጄኔሬተርን ማን ያስታውሰዋል? ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ባለሱቁ ማጥፊያውን ይጫናል፣ ካርቶን ጣል ያደርግበታል፣ በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ ያደርገዋል፤ አለቀ። ሳልባትዮው ቤንዚን እንዳዘለ፣ ዘይቱ እንደጠቆረ ወራት ያልፋሉ።

አንድ ማታ መብራት ይሄዳል። ፀጉር ቤት ውስጥ ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ተቀምጧል። ገመዱ ይሳባል፤ ቱር ይልና ዝም። አንዱ ጎረቤት «ቾኩን ክፈተው» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ዝጋው»፣ ሦስተኛው ካንዴላውን ፈቶ በሱሪው ይጠርጋል። መዳፋችን እስኪላጥ ተራ በተራ እንስባለን። በመጨረሻ ጥፋቱ ሁሉ «የቻይና ዕቃ!» ተብሎ ይደመደማል።

ቻይና ምን አደረገች? ቤንዚን እኮ ጠጅ አይደለም፣ ሲቆይ አይጥምም። ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የቀረው ካርቦሬተር ውስጥ ሙጫ ይሆናል። የካርቦሬተር ቀዳዳ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ለመደፈን ትንሽ ይበቃዋል። ጄሪካን ይዘን ማደያ ስንሄድ «ደብዳቤ አምጡ» እየተባልን፣ ተለማምጠን ያገኘነውን ቤንዚን ነው እንግዲህ ሙጫ የምናደርገው!

መካኒኩ ያውቀናል። ካርቦሬተሩን ይፈታል፣ ያጥባል፣ በአየር ይነፋል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። «ሁለተኛ እንዳትመጣ እንዲህ አድርግ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ለምን ይበል? እንጀራው ነው።

የሚያናድደው የመፍትሔው ቅለት ነው። የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግቶ ሞተሩን መተው፤ ካርቦሬተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ከሳልባትዮውም ቀድቶ ሳያረጅ ለመኪና መስጠት፣ ጥቁሩን ዘይት መቀየር፣ ካንዴላውን ፈቶ ሲሊንደሩ እንዳይዝግ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጠብ አድርጎ ገመዱን ቀስ ብሎ መሳብ። ይህ ሁሉ ከከበደ በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ አውጥቶ፣ ፍሪጅና አምፖል አሸክሞ ማሠራት። ግን ለማን ይነገራል? «እሺ፣ ነገ» ይሉሃል። ነገ ደግሞ መብራት አለ።

እባካችሁ ባለጄኔሬተሮች፣ መብራት መጣ ብላችሁ ማጥፊያው ላይ አትሩጡ። መጀመሪያ ያቺን ቧንቧ ዝጉ፣ ሞተሩ ራሱ ይጥፋ።