ሙሽራ እንደ መስፈሪያ

ስለ ደብረ ታቦር የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ራስ ጉግሣ እንደቆረቆሯት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደከተሙባት፣ አጠገቧ ባለችው ጋፋት የአውሮፓ አንጥረኞች መድፍ እንደሠሩ ብዙ ተብሏል። ቡሄ ሲደርስም ስሟ ከበዓሉ ስም ጋር ስለሚገጥም የሚያነሣት አይጠፋም። ከጥምቀት በኋላ በየዓመቱ ሁለት ሰዎችን ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉና ግርጌ ድረስ ከመሶብ ወደ መሶብ የሚያዘዋውረው የሙሽራ ጥሪ ግን እስካሁን የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች የጥሪው ወር ሲያልቅ ለመጻፍ ቀርቶ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ለማሰር ይቸገራሉ።

ይህ ወር በተለምዶ የዕረፍት ወር ነው ይባላል። ሙሽሮቹ እንግዶች፣ ዘመዶቹ ጋባዦች፣ ምግቡም የፍቅር መግለጫ ተደርጎ ይወሰዳል። የዚህ ጥናት ክርክር ከዚህ ይለያል። ሙሽሮቹ እንግዳ አይደሉም፤ መስፈሪያ ናቸው። ቁና ለገዛ ራሱ ብሎ ገበያ እንደማይወጣ ሁሉ፣ እነሱም ለገዛ ራሳቸው ብለው ወረታ አይወርዱም፣ እስቴም አይሄዱም። አክስት አክስትን፣ አጎት አጎትን፣ የሙሽራው ወገን የሙሽራይቱን ወገን የሚለካው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ሆድ ነው። ይህን ካልያዝን በወሩ ውስጥ ከሚደረገው ነገር አብዛኛው ትርጉም አይሰጥም።

ማስረጃውን ከዘመን አቆጣጠር እንጀምር። በደቡብ ጎንደር ደጋ ሠርግ የሚበዛው ጥር ላይ ነው፤ አዝመራው ጎተራ ገብቷል፣ ገብሱም ለብቅል ተርፏል። ከቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ከጥር 13፣ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለውን ጊዜ የሚወስነው ግን ደጋሹ ሳይሆን ባሕረ ሐሳብ ነው። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 አይወርድም፣ ከየካቲት 21 አይወጣም፤ ዐቢይ ጾምም እንደዚሁ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ ይገባል። ረቡዕና ዓርብን፣ የነነዌንም ሦስት ቀን ቀንሶ ለሚያሰላ ሰው ውጤቱ ያስደነግጣል። ጾሙ እጅግ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት የሚተርፈው የፍስክ ቀን 11 ብቻ ነው፤ እጅግ ዘግይቶ በሚገባበት ዓመት ደግሞ 35 ይደርሳል። ይህም ሠርጉና መልሱ የሚበሉት ቀን ሳይቀነስ ነው። የዘመድ ቁጥር ግን ከአበቅቴ ጋር አይወጣም፣ አይወርድም። ስለዚህ 22 ቤት የሚደርስ ዘመድ ያለው ሙሽራ በአጭሩ ዓመት በቀን ሁለት ቤት ማዳረስ ግድ ይሆንበታል። በየቤቱ አንድ ዶሮ ቢታረድ፣ ሁለት ሰዎች በ11 ቀን ውስጥ ከ22 ዶሮ፣ ማለትም ከ264 ብልት፣ ጋር ይፋጠጣሉ። ማረፍ የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ዕቅድ አያወጣም። እንዲህ ያለ ዕቅድ የሚወጣው ለቆጠራ ነው።

የጉዞው መስመርም ያንኑ ይመሰክራል። አገር ለማየት የሚወጣ ሰው፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩትን የወረታ ወልድያ መንገድ ይዞ ከፎገራ ሜዳ ይነሣል፤ በዓለም ሳጋ ደን አድርጎ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ክምር ድንጋይ፣ ከዚያ ነፋስ መውጫ እያለ በቅደም ተከተል ይጓዛል። ሙሽሮች እንዲህ ሲያደርጉ አይታዩም። ሰኞ ደብረ ታቦር የክርስትና አባት ዘንድ ይውላሉ። ማክሰኞ ወረታ አጎት ዘንድ ይወርዳሉ፤ ሐሙስ ሽቅብ ክምር ድንጋይ፣ ቅዳሜ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ እሑድ እንደገና ወረታ። ወረታ ያለችው አክስት ማክሰኞ ዕለት አጎት ቤት አብራ መብላቷን እንደ ጥሪ አልቆጠረችውማ። ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ቅያሜ ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታው ግን ከ1,800 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 2,700 ይጠጋል፤ ይህን ዳገት በሳምንት ሁለት ጊዜ በሙሉ ሆድ መውጣት ቀላል አይደለም። በዚህ አገር ከዚህ የከበደ ጭነት ተጓጉዟል ከተባለ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው የቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል ነው። እሱም ቢሆን ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። በዚህ ሁሉ ምልልስ ሙሽሮቹ ጋፋትን አይረግጡም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ለመታየት የማያስቸግር ተራራ ነው፤ ግርጌው የዋለ ሙሽራ ግን ስለ ተራራው ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ድንቹ ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ ቆላውና ደጋው የሚያቀርበው የተለያየ ሆኖ ሳለ በምን ይመዛዘናል? ፎገራ ላይ ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ፣ የፎገራ ላም እርጎና ቅቤ፣ ሲልም የጣና ዓሣ አለ። ጉና ግርጌ የገብስ እንጀራ፣ ድንች፣ የበግ ወጥና ወፍራም ጠላ ይቀርባል፤ ብርዱን ሰበብ አድርጎም አረቄ ይከተላል። ዓሣን ከበግ፣ ሩዝን ከገብስ የሚያስተያይ ሚዛን በየትኛውም ገበያ የለም። ሁለቱንም ተቀብሎ በአንድ ቋንቋ የሚናገር ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሙሽራ ሆድ ነው። ሙሽራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በጉን ብቻውን ወረታ ልኮ ከዓሣው ጋር ማወዳደር ይቻል ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው በሚኒባስ አይጉላላም ነበር።

አሰፋፈሩን በቅርብ ለማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ጠላ ቀጂዋ አጠገብ ይቀመጥ። ከማንቆርቆሪያው መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ጠላው ንጹሕ መሆኑን ማሳያ ነው። ቀጥላ ሙሽራው ፊት ያለውን ብርጭቆ እስከ አፉ ትሞላለች። ሙሽራው ጎንጨት ሲያደርግ የሚጎድለው ሁለት ጣት አይሞላም፤ እሷ ግን ማንቆርቆሪያዋን ሳታስቀምጥ እዚያው ቆማለችና ሁለቱን ጣት ትመልስበታለች። እንደገና ጎንጨት፣ እንደገና ሁለት ጣት። በዚህ አሠራር ሙሽራው ስንት ብርጭቆ እንደጠጣ ምሎ እንኳ መናገር አይችልም። የጠጣው አንድ ብርጭቆ ነው፤ አላለቀም እንጂ። ጠላው ፊልተር ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ መጥራቱ እንደ ውሃ ያስጠጣዋል፣ ሲነሣ ግን ጠላ መሆኑን ይነግረዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምሁራን ሊያጠኑት ሲገባ የዘለሉት ውል ነው። ሙሽራው እጁን ከትሪው ሰብሰብ ሲያደርግ፣ «ምኑን በላኸው? በሞቴ፣ ይቺን እንቁላል ብቻ!» ይባላል። ከሕግ አንጻር ሲታይ የሚያስደንቅ ነው፤ ተናጋሪዋ በመያዣነት የምታቀርበው ሕይወቷን ሲሆን የምትጠይቀው አንድ እንቁላል ነው። እንዲህ የተበላለጠ ውል በየትኛውም ፍርድ ቤት አይጸናም ነበር፤ ማዕድ ላይ ግን ወዲያው ይፈጸማል። እሷ ስትጨርስ እናትየው «አፈር ስሆን» ብለው ይቀጥላሉ። ጉርሻም አለ። አንዱ ያጣላል ስለሚባል ትንሹ መጠን ሁለት ነው፤ አጉራሾቹ አራት ከሆኑ ስምንት ይሆናል፤ ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ይህ ሁሉ ደግነት ነው የሚሉ አሉ። ደግነቱን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ደግነት ብቻ ቢሆን ሰውየው ሲጠግብ ባበቃ ነበር። በሞቴ የሚጀምረው ግን ከጠገበ በኋላ ነው። ምክንያቱም ቁና ሳይሞላ አይሰፍርም። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ የሚጨቃጨቁት ቁናው ውስጥ ስላለው እህል አይደለም፣ ከአፉ በላይ ስለተቆለለው ነው። በሙሽራም ላይ የባለቤቲቱ ክብር ያለው ከጥጋብ በላይ በተቆለለው እንቁላል ነው። ሚዜ አብሮ የሚዞረውም ለወግ ብቻ አይደለም፤ ከአፉ በላይ ሲቆለል የሚፈሰውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ልኬት ንባብ ከሌለው ከንቱ ነው። ንባቡ የሚከናወነው ማታ፣ ሙሽሮቹ ቤት ሲገቡ ነው። «ምን አቀረቡላችሁ?» ትላለች እናት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ግድ እንደሌላት ሰው። «ኧረ ምን የቀረ አለ!» ይባላል በመልሱ። ይህ መልስ በሕጉ መሠረት ግዴታ ስለሆነ ከመረጃ አይቆጠርም። እውነተኛው ምርመራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዶሮው ላይ ስንት እንቁላል ነበረ? ቅቤው የቤት ነው የገበያ? ጠላው ቀጥኗል? ሽንኩርቱ በደንብ በስሏል ወይስ ጥድፊያ ነበረበት? ሙሽራይቱ እየሸሸች ትመልሳለች፤ ቁጥሩ ግን ይወጣል። አምስት እንቁላል ነበር ከተባለ፣ በማግስቱ የምትጠራው አክስት ከስድስት በታች ድስት ላይ እንደማታስቀምጥ እርግጠኛ መሆን ይቻላል፤ በነጋታው ያለው ቤት በግ ያርዳል። ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ እስቴ ይደርሳል።

ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ይከተላል። ሁሉም ሰው ቀድሞ ለመጥራት የሚሽቀዳደመው በፍቅር ነው ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን ቀድሞ የጠራ ሰው የሚወዳደረው ከማንም ጋር አይደለም፤ በአምስት እንቁላል ክብሩን ይዞ ይወጣል። መጨረሻ የደረሰው ግን የ21 ቤት ልክ ትከሻው ላይ ነው። ቅድሚያው ደግሞ በዕድሜና በማዕረግ ስለሆነ፣ ትንሹን የሚያወጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ትልቁን የሚያወጣው ደመወዙ ገና ወር የማያደርሰው የአጎት ልጅ ነው። ትልልቆቹ ጊደር ይሰጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ያካክሱታል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ምርቃቱ እውነት ነው። ጊደሯም እውነት ናት፤ ብዙውን ጊዜ ግን የምትሰጠው እናቷ ማሕፀን ውስጥ ሳለች ነው።

ዘመናዊ ነን የሚሉ ጥንዶች ይህን ሁሉ ትተው ጣና ዳር ሆቴል ይዘው ሦስት ሌሊት ያድራሉ፤ ንድፈ ሐሳቡ በእነሱ ላይ አይሠራም ይባላል። በእነሱ ላይ ይብሳል እንጂ አይቀርም። ከባሕር ዳር ሲመለሱ ጥሪው በቦታው ይጠብቃቸዋል፤ የጎደለው ሦስት ቀን ነው። በአጭሩ ዓመት ከ11 ላይ ሦስት መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ያለውን ስሌት ያየ ሰው ይረዳዋል። ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። እዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አለ፤ እዚያ ሠርግ ያለ ድግስ ይፈጸማል፣ ሰውም ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ጋብቻውም ጋብቻ ነው። ታዲያ መስፈሪያ ምን አስፈለገ? መልሱ ከአውራ አምባ ራሱ ይገኛል። እዚያ የጋራውን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ነው። የእኛ ዘመድ ኮሚቴ ስለሌለው በሙሽራ ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ ንድፈ ሐሳቡን የሚያጠናክረው ግን ቴሌብር ነው። መንገድ በተዘጋበት ወይም ኑሮ በከበደበት ጊዜ፣ «ዶሮ ግዙበት» ብሎ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ እየተለመደ መጥቷል። ጥሪ ማለት ማብላት ቢሆን ኖሮ ይህ ጉዳዩን በአንድ ቀን ይቋጨው ነበር፤ ሙሽሮቹም ደብረ ታቦር ተቀምጠው የሚበቃቸውን ያህል ይበሉ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ ከደረሰም በኋላ፣ «እሱማ ስንቅ ነው፣ መቼ ነው የምትመጡት?» የሚል ስልክ ይደወላል። ብር ልኩ በጣም ጥርት ያለ ነውና አይወደድም። 2,000 ከ1,500 መብለጡን ማንም ያያል፤ አምስት እንቁላል ያለው ዶሮ ግን ቅቤው የቤት ነበር፣ ጠላው ተጣርቶ ነበር፣ አስተናጋጇም ከምጣድ ጋር ስትታገል ውላ ነበር ተብሎ ይግባኝ ሊጠየቅበት ይችላል። ዘመድ መለካት ይፈልጋል፤ በማያሻማ ሁኔታ መለካት ግን አይፈልግም።

የቀሩት ነጥቦች ቀላል ናቸው። ረቡዕ ወይም ዓርብ የደረሰበት ቤት ሽሮ፣ ተልባና ስልጆ አቅርቦ፣ «የፍስኩን ደግሞ ትመጣላችሁ» ይላል፤ ስለዚህ አንድ ጥሪ ሁለት ይሆናል። ዐቢይ ጾም ሲገባም ያልተዳረሱት ቤቶች በሙሉ ወደ ዳግም ትንሣኤ ማግስት ይዛወራሉ። ያ ወቅት በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ለቀረው ሒሳብ ከዚህ የተመቸ ጊዜ ያለ አይመስልም። ችግሩ በዚያው ሰሞን አዲስ ሠርግ መጀመሩ፣ አዲስ ሙሽሮችም ከወረታ ወደ ላይ መውጣት መያዛቸው ነው። የጥር ሙሽሮች የቆየችባቸውን አንዲት ጥሪ ሊያደርሱ በፍስክ ዓርብ እስቴ ሲገቡ፣ ጠላው በጣሳ፣ ሽሮውም ከነድስቱ ይቀርብላቸዋል። «እናንተማ የቤት ልጆች ናችሁ» ትላለች ባለቤቲቱ፤ አንዲት ጊዜም በሞቴ ሳትል ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ለነገዎቹ ሙሽሮች ገና ሽንኩርት አልከተፈችም።