ይሉኝታ በጃቫስክሪፕት፦ ቅድመ ጥናት

የዚህ ጥናት መላ ምት አንድ ነው፦ ጃቫስክሪፕት የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ይሉኝታ ክፉኛ ያጠቃዋል። ሌላውን የኮምፒውተር ቋንቋ ፓይተንን «10» የሚል ጽሑፍና 1 ቁጥር ደምር ቢሉት፣ ጽሑፍና ቁጥር አይደመርም ብሎ እንቅጩን ይናገርና ሥራውን ያቆማል። ጃቫስክሪፕት ሰው ፊት እንዲህ አይልም። «101» ብሎ ያቀርባል። ከዚያው «10» ላይ 1 ቀንስ ሲሉት ደግሞ 9 ይላል። ሁለቱን መልሶች ማስታረቅ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ለጠባዩ መነሻ የሚሆነው አስተዳደጉ ሳይሆን አይቀርም። ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ውስጥ የመጀመሪያውን ቅጂ የሠራው በ10 ቀን ነው። አራስ እንኳ ከዚህ የበለጠ ትታረሳለች።

ይሉኝታው የሚብሰው በቀን መቁጠሪያ ነው። ወሮችን ከ0 ይጀምራል፣ ቀኖችን ከ1፤ ይህን ልማድ የወረሰው ጃቫ ከተባለው ቋንቋ ነው (ስምም ከዚያው ወርሷል፤ ዝምድናቸው ግን ከዚህ ብዙም አያልፍም)። የ2023ን ፌብሩዋሪ 30 የጠየቀ ሰው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ተብሎ አያፍርም፤ ኮሽታ ሳይሰማ ማርች 2 ላይ ያርፋል። የዚያኑ ዓመት 13ኛ ወር ፈልጎ የመጣ ኢትዮጵያዊም ባዶ እጁን አይመለስም። በጳጉሜን ፈንታ የ2024 ጃንዋሪ ይሰጠዋል። 13ኛው ወር 12 ተብሎ እንደሚጻፍ ግን ማንም አይነግረውም።

በሁለት የእኩል ምልክት ሲያነጻጽር ሁኔታው ወደ ቤተ ዘመድ ጉዳይ ይዞራል። ምንም ያልተጻፈበት ጽሑፍ ከ0 ጋር እኩል ነው። «0» የሚል ጽሑፍም ከ0 ጋር እኩል ነው። ሁለቱ ጽሑፎች ግን እርስ በርስ እኩል አይደሉም። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሦስተኛ የእኩል ምልክት መጨመር ነው፤ ባለሙያዎችም ዛሬ ባለ ሦስቱን ይመክራሉ፤ አራተኛ ያስፈልግ እንደሆነ እስካሁን የጠየቀ የለም።

ይሉኝታው ወደ ቋንቋው ጠባቂዎችም ሳይዛመት አልቀረም። ምንም አለመኖሩን የሚያመለክተው ናል ዓይነቱ ሲጠየቅ «ኦብጀክት» (ነገር) ይላል። ከጥንት የመጣ ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይታረም የሚል ሐሳብ ቀርቦም ነበር፤ ስህተቱን አምነው የተሠሩ ድረ ገጾች ይበላሻሉ ተብሎ ውድቅ ሆነ። ናል ዛሬም ኦብጀክት ነው፤ ደፍሮ የሚነግረው ጠፍቷል።